የገጠመ ሁሉ አይግባባም

የኪቦርድ ገመድ ቀዳዳው ውስጥ ገባ ማለት ከኮምፒውተሩ ጋር ተግባባ ማለት አይደለም። አይቢኤም በፈረንጆቹ 1981 ያወጣው የመጀመሪያው ፒሲና በ1984 የተከተለው ኤቲ የኪቦርዳቸው መሰኪያ አንድ ነው፤ ክብ፣ ባለ አምስት እግር። የአንዱን ከሌላው ብትሰኩት ሰተት ብሎ ይገባል። ከዚያ ዝም። የፊተኛው መናገር እንጂ መስማት አልተፈጠረለትም። የኋለኛው ይሰማል፤ የካፕስ ሎክ መብራቱን አብራ ሲባል የሚያበራውም ለዚሁ ነው።

በዚያ ላይ ኪቦርድ ፊደል አይልክም፤ የሚልከው ቁጥር ነው፣ ያውም አንዴ ሲጫኑት፣ አንዴ ሲለቁት። “ኤ”ን ስንጫን የ1981ዱ 30 ይላል፣ ስንለቀው 158። የኤቲው ስንጫን 28፣ ስንለቅ ደግሞ 240 ብሎ ያስቀድምና 28ን ይደግማታል። ዩኤስቢ ሲመጣ ያቺው “ኤ” 4 ተባለች። ማን እንደሚመድባቸው እንጃ እንጂ በየዘመኑ አዲስ መታወቂያ ነው።

ከሱቅ የሚገዛው ርካሽ አዳፕተር ብዙ ጊዜ የማይረዳውም በዚህ ምክንያት ነው። ውስጡ ሽቦ ብቻ ያለው ዓይነት የሚሠራው የድሮውንም የዩኤስቢውንም ቋንቋ መናገር ለሚችል ኪቦርድ ነው። ለአሮጌዎቹ የሚያስፈልገው በመሀል ቆሞ የሚያስተረጉም ነው፤ እሱም እንደ ኤቲሜጋ 32ዩ4 ያለ ቺፕ የተበየደበት ትንሽ ሰሌዳ ነው፣ ሶፍትዌሩም በነጻ ይገኛል። የሚገናኙት አራት ሽቦዎች ናቸው፦ አምስት ቮልቱ፣ ግራውንዱ፣ ዳታውና ክሎኩ። ቁልፍ ሲመታ ክሎኩን የሚቆጥረው ኪቦርዱ ራሱ ስለሆነ፣ ኮምፒውተሩ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን በኪቦርዱ እርምጃ ነው የሚሄደው። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ለምን ይህ ሁሉ ድካም? በነዚህ አሮጌ ኪቦርዶች ላይ ጣቱን አንዴ ያሳረፈ ሰው አይጠይቅም። ከቁልፉ ሥር ያለችው ሞላ እየተጨመቀች ትሄድና ድንገት ወደ ጎን ትታጠፋለች፤ ቀጭ የምትለውም፣ ፊደሉን የምታስመታውም ያኔ ነው። ሌሊት ሲጻፍበት ግን ጎረቤት ጭምር ያውቃል።

የኔ ልብ ያለው ባለ 122 ቁልፉ ላይ ነው። የተሠራው ከትልልቅ ማዕከላዊ ኮምፒውተሮች ጋር ለተገናኙ ተርሚናሎች ነው፤ በስተግራው ካሉት ቁልፎች አንዱ ጠቋሚው ካለበት እስከ መሙያ ሣጥኑ መጨረሻ የተጻፈውን ባንድ ምት ይጠርጋል። ቀኑን ሙሉ ቅጽ ሲሞላ ለሚውል ሰው ትልቅ ነገር ነው። እኛ ዛሬ ማውዝ ይዘን፣ አጥቁረን፣ ሰርዘን ነው ያንኑ የምናደርገው፤ ሠለጠንን እንላለን። ከላይ ደግሞ የኤፍ ቁልፎቹ በሁለት ረድፍ እስከ 24 ይዘልቃሉ። የሚገርመው፣ የዩኤስቢ ሰዎች ከኤፍ 13 እስከ ኤፍ 24 ላሉትም ከ104 እስከ 115 ያሉትን ቁጥሮች ሰጥተዋቸዋል። ዊንዶውስም ያውቃቸዋል። ላፕቶፖቻችን ላይ የሉም እንጂ ቦታቸውስ ተይዞላቸዋል።

“ኤች” ተጭኖ “ህ” ሲወጣ እያየ ለኖረ የአማርኛ ጸሐፊ፣ ቁልፉ ላይ የታተመውና ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ለየቅል መሆናቸውን ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ታዲያ ዐሥራ ሁለት ሥራ ፈት ቁልፎች ቢሰጡት? እኔ ብሆን ኤፍ 13ን ለነጠላ ሰረዝ፣ ኤፍ 14ን ለድርብ ሰረዝ፣ ኤፍ 15ን ለአራት ነጥብ እመድባለሁ። ለቀሩት ዘጠኙ ሐሳብ ያለው ይንገረኝ።