ከወሊድ ክፍል እስከ ጉበት ካንሰር፦ የፓልመር ቢዝሊ ሥራ በታይዋን

በሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ሰበብ በአርባ ወይም በሃምሳ ዓመቱ በጉበት ካንሰር የሚሞት ሰው፣ ቫይረሱ ወደ ሰውነቱ የገባው በአብዛኛው በተወለደበት ዕለት ወይም በመጀመሪያዎቹ የሕፃንነት ዓመታት ነው። ዛሬ በሕክምና ትምህርት ቤቶች እንደ ተራ ዕውቀት የሚሰጠው ይህ እውነት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ግምት ብቻ ነበር፤ ግምቱን ወደ ማስረጃ ካሸጋገሩት መካከል ቀዳሚውን ስፍራ የሚይዙት አሜሪካዊው ሐኪምና የኤፒዲሚዮሎጂ ተመራማሪ ሮበርት ፓልመር ቢዝሊ ናቸው። ኤፒዲሚዮሎጂ በሽታ በሕዝብ መካከል እንዴት እንደሚሰራጭ፣ ማንን ለይቶ እንደሚያጠቃና ለምን እንደሚያጠቃ በቁጥር የሚመረምር የሕክምና ዘርፍ ነው።

ቢዝሊ በ1972 (እ.ኤ.አ.፤ ቀጥሎ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ወደ ታይዋን ሲሄዱ መንገዱ በከፊል ተጠርጎ ነበር። ባሩክ ብሉምበርግ በ1960ዎቹ በአንድ የአውስትራሊያ ነባር ተወላጅ ደም ውስጥ ያገኙት አንቲጅን፣ ማለትም ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርትበት ንጥረ ነገር፣ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ የውጭ ሽፋን ሆኖ ተገኝቷል፤ ብሉምበርግም በ1976 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ይህ አንቲጅን ከስድስት ወር በላይ በደሙ ውስጥ የሚቆይበት ሰው የቫይረሱ ዘላቂ ተሸካሚ ይባላል። በዚህ ግኝት ምክንያት ምንም ሕመም የማይሰማውን ተሸካሚ በደም ምርመራ መለየት ተቻለ።

ያም ሆኖ በእስያና በአፍሪካ የጉበት ካንሰር ሕሙማን ሲመረመሩ አንቲጅኑ ከሌላው ሰው ይልቅ በብዛት መገኘቱ ብቻውን በቂ ማስረጃ አልነበረም። ካንሰሩ ያዳከመው ሰውነት ቫይረሱን ኋላ ተቀብሎት ሊሆን ይችላል የሚል ጥርጣሬ ነበር፤ በደንብ ሳይደርቅ በተከማቸ እህልና ለውዝ ላይ የሚበቅል ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝም እንደ ብርቱ ተጠርጣሪ ይታይ ነበር። የታመመን ሰው ወደ ኋላ እየመረመሩ ይህን ክርክር መቋጨት አይቻልም። ከበሽታውና ከቫይረሱ የትኛው እንደሚቀድም ለማወቅ ጤነኛ ሰዎችን አስቀድሞ መርምሮ፣ ተሸካሚውን ካልሆነው ለይቶ መዝግቦ፣ ማን በምን ምክንያት እንደሚሞት ለዓመታት መከታተል ግድ ነው። ሐሳቡ ቀላል ይመስላል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ሳያጡ ለዓመታት መከታተል ግን ብዙ ጥናቶችን ያሰናከለ ፈተና ነው።

ቢዝሊ፣ ሉ-ዩ ህዋንግና ሌሎች የታይዋን ባልደረቦቻቸው ለዚህ ፈተና ያገኙት መልስ የጥናቱ ትልቁ ብልሃት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የመረጧቸው ሰዎች የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ሥራውን በቀላሉ ስለማይለቅና የሕይወት መድን ስላለው፣ ሲሞት ሞቱ በመድን መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ከ1975 እስከ 1978 ባለው ጊዜ 22,707 ወንዶች ደማቸው ተመርምሮ ተመዘገቡ፤ ከእነዚህ ውስጥ 3,454ቱ ተሸካሚዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ የቀረው መቁጠር ነው።

ውጤቱ በ1981 ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። በክትትሉ ዓመታት በጉበት ካንሰር ከተያዙት 41 ሰዎች 40ዎቹ ተሸካሚዎች ሲሆኑ፣ ከተሸካሚዎቹ በአምስት እጥፍ ከሚበልጠው ቀሪ ወገን የተገኘው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ይህም የተሸካሚው ተጋላጭነት 223 እጥፍ መሆኑን ያሳያል። የሲጋራና የሳንባ ካንሰር ዝምድና፣ ስንት ክርክር አልፎ የጸናው ዝምድና፣ በዚህ መለኪያ ከተወሰደ እጅግ ያነሰ ነው። በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ከካንሰሩ ቁጥር ባልተናነሰ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ቁጥርም አለ፦ ከ105 የተሸካሚዎች ሞት መካከል 54.3 በመቶው በጉበት ካንሰርና በሲሮሲስ፣ ማለትም ጉበት በጠባሳ ተሞልቶ ሥራውን በሚያቆምበት በሽታ የመጣ ሲሆን፣ ተሸካሚ ባልሆኑት ዘንድ ይኸው ድርሻ 1.5 በመቶ ብቻ ነበር።

ይህ ማስረጃ ሙሉ ትርጉሙን የሚያገኘው ከሌላው የቢዝሊ ሥራ ጋር ሲነበብ ነው። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በዚያው በታይዋን የሚወልዱ እናቶችንና ልጆቻቸውን ያጠኑ ስለነበር፣ በደማቸው ውስጥ ቫይረሱ በብዛት መራባቱን የሚያመለክተው ኢ አንቲጅን ያለባቸው እናቶች ቫይረሱን ለአብዛኞቹ ልጆቻቸው እንደሚያወርሱ አሳይተዋል። በወሊድ ጊዜ ከተያዙ ሕፃናት 90 በመቶ ያህሉ ዘላቂ ተሸካሚ ይሆናሉ፤ በአዋቂነት ከሚያዙት ግን ዘላቂ የሚሆንባቸው ከ5 በመቶ በታች ናቸው። የጨቅላው መከላከያ ገና ስላልጠነከረ ቫይረሱን ጠላት ብሎ አይለየውም፤ ቫይረሱም የዘር ቅንጣቱን በጉበት ሕዋሳት የዘር ቅንጣት ውስጥ እየከተተ፣ ጉበቱም እየቆሰለና እየጠገገ ለአሥርተ ዓመታት ይኖራል።

የካንሰሩ መነሻ በወሊድ ሰዓት ከሆነ መከላከያውም በዚያው ሰዓት መሰጠት አለበት። የቢዝሊ ቡድን በ1983 ባሳተመው ጥናት፣ የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል ወዲያው እንደተወለዱ የተሰጣቸውና ክትባቱንም የተከተቡ ሕፃናት 94 በመቶ ያህል ከዘላቂ ተሸካሚነት ተጠብቀዋል። ታይዋን በ1984 የተሸካሚ እናቶችን ልጆች፣ በ1986 ደግሞ ሁሉንም አራስ ሕፃናት መከተብ ጀመረች። በታይፔ ከ15 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ዘንድ 9.8 በመቶ የነበረው የተሸካሚዎች ድርሻ በ1994 ወደ 1.3 በመቶ ወረደ። በ1997 የታተመ ሌላ ጥናት ከ6 እስከ 14 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የሚታየው የጉበት ካንሰር በግማሽ ያህል መቀነሱን አረጋገጠ፤ አንድ ክትባት የሰውን ካንሰር እንደሚከላከል በሕዝብ ደረጃ ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ኢትዮጵያ ለዚህ ጉዳይ ሩቅ አይደለችም። በ2016 የታተመ የጥናቶች ጥንቅር በአገሪቱ የሄፓታይተስ ቢ ስርጭት 7.4 በመቶ መሆኑን ገምቷል። ሕዝቡ የወፍ በሽታ የሚለው ዓይንና ቆዳን ቢጫ የሚያደርገው ሕመም ብዙውን ጊዜ በተሸካሚው ላይ ስለማይታይ፣ ብዙዎች መያዛቸውን የሚያውቁት ደም ሲለግሱ ወይም ለሥራ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለመሄድ በሚደረግ የጤና ምርመራ ወድቀው ሲመለሱ ነው። ሄፓታይተስ ቢን የሚጨምረው አምስት በሽታዎችን የሚከላከል ክትባት በ2007 ወደ መደበኛው መርሐ ግብር ሲገባ የመጀመሪያው መጠን የተመደበው በስድስተኛው ሳምንት ነበር። በአፍሪካ ሕፃናት ብዙውን ጊዜ በቫይረሱ የሚያዙት ከቤተሰብና ከእኩዮቻቸው ስለሆነ ይህ ክትባት ትልቅ ጥቅም አለው፤ በወሊድ ጊዜ ለተያዘው ጨቅላ ግን በስድስተኛው ሳምንት መድረስ መዘግየት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2009 ጀምሮ የመጀመሪያው መጠን በ24 ሰዓት ውስጥ ለአራሱ ሁሉ እንዲሰጥ ይመክራል። በ2019 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የተፈጸመው ወሊድ 48 በመቶ ብቻ በሆነበት አገር፣ ይህ ምክር ከክትባቱ ጋር እስከ ገጠሩ ደጃፍ የሚደርስ የጤና ሠራተኛንም ይጠይቃል።

አስቀድሞ የተያዘውን ሰው ክትባት አይፈውሰውም፤ ቴኖፎቪር የተባለው መድኃኒት ግን የቫይረሱን መራባት ይገታል። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 የተጀመረው የሙከራ ሕክምና ፕሮግራም በ2018 ባሳተመው የአንድ ዓመት ውጤት፣ ሕክምናው በኢትዮጵያ ሊሰጥ እንደሚችል አሳይቷል፤ የሞት አደጋው ጎልቶ የታየው ግን ሲሮሲሱ ጠንቶባቸው ጉበታቸው መሥራት ካቃተው በኋላ በመጡት ላይ ነበር። አንድ ሰው ተሸካሚ መሆኑ ሲታወቅ እናቱ፣ ወንድሞቹ፣ እኅቶቹና ልጆቹ ምንም ባይሰማቸውም እንዲመረመሩ የሚመከረው ከእነርሱ አንዱ በዚሁ መንገድ ላይ ሊሆን ስለሚችል ነው።