ግብዣው ደርሷል፣ ወረቀቱስ?

ቡናው እስኪፈላ ስለ ቪዛ እንጫወት። ሰሊጥና ቅመማ ቅመም ወደ ውጭ ይልካሉ እንበል። ጀርመናዊው ደንበኛዎ ኮሎኝ ላይ በየሁለት ዓመቱ ለሚካሄደው አኑጋ ለተባለው የምግብ ትርዒት ጠርቶዎታል። ደብዳቤው በማኅተምና በፊርማ አምሮ መጥቷል። እንኳን ደስ ያለዎት!

ይሁንና ደብዳቤው የሚናገረው ለምን እንደሚሄዱ ነው። ማመልከቻውን የሚያየውን ሰው ይበልጥ የሚያስጨንቀው ለምን እንደሚመለሱ ነው፤ ለዚያ የሚመሰክሩልዎ ደግሞ እዚሁ አገር ያሉት ወረቀቶችዎ ናቸው። የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የንግድ ምዝገባ፣ የግብር ክሊራንስ፣ ከዚያው ደንበኛ ጋር የተፈራረሙት ውል፣ ዕቃ የላኩበት ዲክላራሲዮን። እኔን ከጠየቁኝ ዲክላራሲዮኑ ከግብዣው ይበልጣል። ግብዣ ማንም ይጽፋል፤ ጉምሩክ ያለፈ ሰሊጥ ግን በወሬ አይፈጠርም።

ትርጉም ላይ አደራ። ፈቃድዎ ነሐሴ 2017 ታድሷል። አስተርጓሚው ቸኩሎ «ኦገስት 2017» ብሎ ከጻፈው፣ የፈረንጁ ዓይን የሚያየው ስምንት ዓመት የሞላው ወረቀት ነው። ትክክሉ ኦገስት 2025 ነበር። ስምም እንዲሁ ነው፤ ፓስፖርቱ ላይ «ገብረመድህን» አንድ ላይ ተጽፎ ባንኩ ለሁለት ከከፈለው፣ ሁለት ሰው ሆነው ቁጭ አሉ። ስለዚህ ፓስፖርቱን ከአስተርጓሚው ፊት ያስቀምጡና ፊደል በፊደል ያስመሳክሩ።

አሁን ወደ ባንክ ስቴትመንቱ። ለወራት ባዶውን የከረመ ሒሳብ ማመልከቻው ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ድንገት ሚሊዮን ቢገባበት፣ ከዘመድ የተበደሩት መሆኑን ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። በእርግጥ የሽያጭ ገንዘብ ከሆነ ደረሰኙን አያይዘው በሁለት መስመር ያስረዱ። ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ያው የብር መጠን በዩሮ ሲመነዘር ቀልሏል፤ የድሮውን ሒሳብ ይዘው «ይበቃኛል» እንዳይሉ። ወጪውን ጋባዡ የሚችል ከሆነ ደብዳቤው ላይ በግልጽ ይጻፍ። ትርዒቱ አምስት ቀን ሆኖ እርስዎ ሃያ ቀን ከጠየቁም ለቀሪው አሥራ አምስት ቀን ምክንያት ያቅርቡ፤ ፋብሪካ ሊጎበኙ ነው? እንግዲያው የፋብሪካው ቀጠሮ ይምጣ።

ኢንሹራንሱ ብዙ አያነጋግርም፦ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍንና በመላው ሸንገን አገሮች የሚሠራ ይሁን። ፓስፖርቱም ከሚመለሱበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን።

ጊዜን በተመለከተ ግን ነገሩ ይመራል። እንደ ፈረንጆቹ በኤፕሪል 2024 የአውሮፓ ኅብረት፣ የኢትዮጵያ መንግሥት በአውሮፓ ያለ ፈቃድ የተቀመጡ ዜጎቹን ለመቀበል በበቂ አልተባበረም ብሎ፣ የኢትዮጵያውያን ማመልከቻ የሚታይበትን መደበኛ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን አራዘመው፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትንም ከለከለ። በመንግሥታት ቅያሜ ነጋዴው ለምን እንደሚቀጣ እኔ አይገባኝም፤ ተቃውሞዬን ግን ማመልከቻ ላይ አልጽፈውም። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ማስገባት ይፈቀዳል። ቀጠሮ ማግኘቱ ራሱ ጊዜ ይበላልና ግብዣው በእጅዎ በገባ ማግስት ይጀምሩ።

ቪዛው ከተመታልዎ በኋላ ስምዎንና ቀኑን እዚያው ቆመው ያንብቡ። የግብዣውንና የኢንሹራንሱን ቅጂ ደግሞ ከሰሊጥ ናሙናው ጋር ሻንጣ ውስጥ እንዳይከቱት። የፍራንክፈርት የድንበር ፖሊስ «ለምን መጡ?» ብሎ የሚጠይቅዎ ሻንጣዎ ሳይወርድ ነው።