ሳይመረምሩ መፍረድ

ልጆች ሆይ፤ ሰው ባላጠፋው ጥፋት ሲወቀስ ምን ያህል እንደሚያዝን ታውቁ ይሆናል። ነገር ግን ሳይመረምር የወቀሰው ሰው፥ እውነቱ በተገለጠ ጊዜ፥ ከተወቀሰው ይልቅ ይጨነቃል። ይህን ከሌላ ሰው የሰማሁት አይደለም፤ በራሴ የደረሰ ነው። ነገሩም የተጀመረው በአንዲት አሮጌ መኪና ምክንያት ነው።

የምኖረው ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በኮዬ ፈጬ ነው። ቀድሞ እርሻ የነበረው ሜዳ ዛሬ ፎቅ በፎቅ ሆኖአል። ከምኖርበት ፎቅ ሥር አባቴ ያወረሰኝ አንዲት ኮምቢ ትቆማለች። አባቴ የመሬት ቀያሽ ነበርና በየአገሩ ሲዞር ቀን ይሄድባት፥ ሌሊት ያድርባት ነበር። በውስጧ የሚታጠፍ መኝታ፥ ትንሽ ጠረጴዛና የዕቃ ሣጥን አለባት። ስለዚህ እናቴ «ጎማ ያላት ጎጆ» ትላታለች።

ኮምቢ የጀርመን አገር ሥራ ናት፤ ሰዎቻችን «ቮልስ» ለሚሏት ለትንሿ መኪና እንደ ታላቅ እኅት ትቈጠራለች። እ.ኤ.አ. በ1947 ዓ.ም. ቤን ፖን የተባለ የሆላንድ ነጋዴ መልኳን በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ነደፈ፤ በ1950 ዓ.ም. በቮልስዋገን ፋብሪካ ትሠራ ጀመር። ከ1951 ዓ.ም. ወዲህም ዌስትፋሊያ የሚባል ሌላ ፋብሪካ መኝታና ጠረጴዛ እያበጀላት ለመንገደኛ ቤት ሆነች። ሞተሯ ከፊት ሳይሆን ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በውሃ ሳይሆን በነፋስ ነው።

አሁን ማርሽ ምን እንደ ሆነ ልንገራችሁ፤ ይህን ካላወቃችሁ ታሪኬ አይገባችሁምና። ሰው ዳገት ሲወጣ አጭር አጭር እርምጃ ይራመዳል፤ በሜዳ ሲሄድ ግን እርምጃውን ያስረዝማል። መኪናም እንዲሁ ናት። በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ ብዙ ጊዜ ሲዞር ጎማው ጥቂት ብቻ ይዞራል፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ያንሳል፥ ኃይሉ ግን ይበዛል። በአራተኛ ማርሽ ደግሞ ኃይሉ ያንሳል፥ ፍጥነቱ ይበዛል። የእኔ ኮምቢ ወደ ፊት የምትሄድባቸው አራት ማርሾች፥ ወደ ኋላ የምትሄድበት አንድ ማርሽ አሏት። ጥርስ ያላቸው እነዚህ መዘውሮች የሚኖሩበት ሣጥን ካምቢዮ ይባላል። ሞተሩን ከካምቢዮው ለጊዜው የሚለየው ደግሞ ፍሪሲዮን ነው።

በኮምቢ ካምቢዮው ከኋላ ከሞተሩ አጠገብ ነው፤ ሾፌሩ ግን ከፊት ይቀመጣል። ስለዚህ የማርሹ እጀታ ከካምቢዮው ጋር የሚገናኘው ከወለሉ ሥር በሚያልፍ ረጅም የብረት ዘንግ ነው። ዘንጉ በሚያልፍበትና ከካምቢዮው ጋር በሚጋጠምበት ቦታ፥ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ ቦኮላ የሚባሉ ትንንሽ ቀለበቶች አሉ። አንዱ ቦኮላ ከልጅ መዳፍ የሚያንስ ነው። ይህን ትንሽ ነገር ልብ አድርጉ።

የእኅቴ ልጅ ከእኔ ጋር ይኖራል፤ ዕድሜው ዐሥራ ሁለት ዓመት ነው። ያቺን መኪና ከእኔ ይልቅ ይወዳታል ብል ሐሰት አይሆንም። አንድ ቅዳሜ አጥቦ፥ ወልውሎ፥ ከሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲጫወት አየሁት። ሰኞ ጧት ወደ ሥራ ልሄድ ተነሥቼ ማርሽ ባስገባ፥ አንደኛው በጭንቅ ገባ፤ ሁለተኛው ግን ጨርሶ ጠፋ። እጀታው እንደ ማንኪያ በድስት ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይዞራል እንጂ የሚይዘው ነገር የለም። እኔም ተቈጣሁ፤ በኃይል ገፋሁት። መኪናዪቱም በመንጋጋዋ ድንጋይ የምታኝክ ይመስል ጮኸች።

በዚያ ሳምንት ሐሙስ እናቴን ከሱሉልታ አምጥቼ ለዓይኗ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ላደርሳት ቀጠሮ ነበረን። እናቴ በሕዝብ መኪና ግፊያ መሳፈር አትችልም። ጭንቀቴ ቍጣ ሆነና ልጁን ጠራሁት።

«ቅዳሜ ይህን እጀታ ነክተሃል?» አልሁት።

«አዎን፥ አጎቴ፥ ነክቻለሁ፤ ነገር ግን አልሰበርሁም» አለኝ።

«ነክተሃል እንግዲህ! ሰባሪው አንተ ነህ። ከዛሬ ጀምሮ ወደዚች መኪና እንዳትቀርብ!» ብዬ በጎረቤት ፊት ጮኽሁበት።

ልጁ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ እኔ ግን ፊቴን አዞርሁ። ማታ እራት አልበላም። በደረጃው ላይ ለብቻው ተቀምጦ አየሁት፤ አይቼም ዝም ብዬ አለፍሁ።

በማግሥቱ አንድ ባለ ጋራዥ ጠራሁ። እርሱም ከመኪናዪቱ ሥር ሳያይ፥ እጀታውን ብቻ ሁለት ጊዜ ወዝውዞ፥ «ካምቢዮው ወርዶ መፈታት አለበት» አለኝ። የጠየቀውም ገንዘብ የሦስት ወር ደመወዜ ነበር። እኔ ልጁን ሳልመረምር እንደ ፈረድሁበት፥ እርሱም ካምቢዮውን ሳይመረምር ፈረደበት። በዚያን ጊዜ ግን ይህን አላስተዋልሁም።

በፎቃችን ሥር ጧት ጧት ፀሐይ የሚሞቁ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ በጕልማስነታቸው መካኒክ ነበሩ። ኀዘኔን አይተው፥ «ልጄ፥ ምን ሆነሃል?» አሉኝ። ሁሉንም ነገርኋቸው። እርሳቸውም ከዘራቸውን ይዘው ወደ መኪናዪቱ መጡ።

«ሞተሩን አጥፋና ማርሹን አስገባ» አሉኝ። አጥፍቼ ሞከርሁ፤ ሁለተኛው ማርሽ እንደ ቀድሞው እምቢ አለ።

«እንግዲያውስ ፍሪሲዮኑን አትውቀሰው» አሉ። «ፍሪሲዮን አልለቅም ሲል ማርሽ የሚያስቸግረው ሞተሩ ሲሠራ ነው፤ ሞተሩ ሲጠፋ ግን በቀላሉ ይገባል። አንተ ዘንድ በሁለቱም ጊዜ እምቢ አለ። ስለዚህ አንዱ ተከሳሽ ነጻ ወጣ።»

ቀጥለውም ልጁን ጥራው አሉኝ። እኔ ዝም አልሁ። እርሳቸው ግን ራሳቸው ጠሩትና፥ «የኔ ልጅ፥ ና፤ ዓይንህ ከእኛ ዓይን ይሻላል» አሉት። ልጁም ወደ እኔ ሳያይ ቀስ ብሎ ቀረበ።

አስቀድመን መኪናዪቱን ደልዳላ ስፍራ አቆምናት፤ የእጅ ፍሬኑን ሳብን፥ በጎማዎቿም ፊትና ኋላ ድንጋይ አስደገፍን። በክሪክ ካነሣናት በኋላ ደግሞ ከሥሯ ጠንካራ የብረት መቆሚያ አደረግን። ሽማግሌው፥ «ክሪክ ለማንሣት ነው እንጂ ለማቆም አይደለም፤ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር የገባ ሰው ሕይወቱን ለአንድ ዳዶ አደራ ይሰጣል» አሉ። ይህንም ቃል፥ ልጆች፥ እንዳትረሱት።

እኔ እጀታውን ያዝሁ፤ ልጁና ሽማግሌው ጐንበስ ብለው በባትሪ መብራት ከሥር ተመለከቱ። እጀታውን ወደ ሁለተኛው ስስብ ልጁ፥ «ከፊት ያለው ዘንግ ይሄዳል፥ ከካምቢዮው ጋር የተጋጠመው ግን አይከተለውም» ብሎ ጮኸ። ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «ሰማህን? እጅህ ያዝዛል፥ ካምቢዮው ግን ትእዛዙ አይደርሰውም። መልእክተኛው በመንገድ ቀርቶአል» አሉኝ።

መጋጠሚያውን በፈታን ጊዜ ቦኮላው እንደ ደረቀ ዳቦ በመዳፋቸው ላይ ተፈረፈረ። ከወለሉ ሥር ዘንጉን የሚይዘው ሌላውም ቦኮላ በአንድ ወገን ተበልቶ እንደ ወረቀት ሳስቶ ነበር። በላዩ ላይ የተጋገረው የኮዬ አቧራ በጣት አይፋቅም።

ሽማግሌው ፍርፋሪውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና፥ «ይህ በአንድ ቀን የተሰበረ አይደለም። ስንት ዓመት ግራሶ ሳያይ፥ በአቧራ ሲፈጭ የኖረ ነው። ለመሆኑ ባለቤቱ ማን ነው?» አሉ። መልሱን ያውቁት ነበር። እኔም አውቀው ነበር።

ወደ ልጁ ዘወር ብዬ፥ «ሰኞ ምን ልትለኝ ነበር?» አልሁት። እርሱም ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ፥ «አጎቴ፥ ከሁለት ሳምንት በፊት እጀታው ይላላል ብዬዎት ነበር። ቅዳሜም የነካሁት ብሶበት እንደ ሆነ ለማየት ነው» አለኝ።

በእውነት ነግሮኝ ነበር፤ አሁን ትዝ አለኝ። ጋዜጣ እያነበብሁ «እሺ፥ እሺ» ብዬ አሰናብቼው ነበር። ከኮምቢዋ ሥር ገብቼ ብቀር በወደድሁ ነበር፤ ፊቴን የማደርግበት አጣሁ።

ረቡዕ ዕለት ከልጁ ጋር ወደ መርካቶ፥ ወደ ሶማሌ ተራ ሄድን። በዚያ የአሮጌ መኪና መለዋወጫ ከየዓይነቱ ይገኛል። አንዱን ቦኮላ እዚያ አገኘን፤ ሁለተኛውን ግን ስላጣን አሮጌውን ለልክ አሳይተን ከጠንካራ ፕላስቲክ በቶርኖ አስቀረጽነው። የሁለቱ ዋጋ ካምቢዮውን ለማውረድ ከተጠየቅሁት ጋር ሲተያይ እንደ ቡና መጠጫ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ጀመርን። ዘንጉን በነጭ ጋዝ አጠብን፤ አዲሶቹን ቦኮላዎች ግራሶ ቀብተን ከተትን። ከዚያም ሽማግሌው ካምቢዮውን በሁለተኛው ማርሽ ላይ አድርገው፥ ከእጀታው ሥር ያሉትን ሁለት ቡሎኖች አላልተው፥ እጀታውን ቀጥ አድርገው አቆሙት። ከሁለተኛው ማርሽ ጋር የተስማማ እጀታ ከሌሎቹም ጋር ይስማማል ብለው አስረዱን። እኔ ቡሎኑን በችኮላ ላጠብቅ ስል እጄን ያዙና፥ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉኝ። በመጨረሻም የካምቢዮው ዘይት እስከ መሙያው ቀዳዳ ከንፈር መድረሱን፥ የፍሪሲዮኑም ፔዳል ሲረገጥ በመጀመሪያው አንድ ጣት ያህል ልል መሆኑን መረመሩ።

ሁሉ ካለቀ በኋላ ልጁን፥ «ግባና ሞክረው» አልሁት። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ አንደኛውን አስገባ፥ ሁለተኛውን አስገባ፥ ሦስተኛውንና አራተኛውንም አስገባ። ለኋላ ማርሽ እጀታውን ወደ ታች ተጭኖ ወደ ግራና ወደ ኋላ ሳበው፤ እርሱም ገባ። ያን ጊዜ ጎረቤቶች ተሰብስበው ነበር። የጮኽሁበት በእነርሱ ፊት ስለ ነበረ ይቅርታ የምጠይቀውም በእነርሱ ፊት መሆን ይገባዋል ብዬ፥ «ልጄ፥ አንተ ነግረኸኝ እኔ አልሰማሁም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፥ አንተን ግን ወቀስሁህ። ይቅር በለኝ» አልሁት። ታላቅ ሰው ለሕፃን እንዲህ ማለቱ ቀላል አይደለም፤ ቃሉ ከጉሮሮዬ የወጣው ሁለተኛው ማርሽ ሰኞ ዕለት ከተቸገረው ይልቅ ተቸግሮ ነው። ልጁ ግን ምንም አልተናገረም፤ መጥቶ እጄን ያዘ። በዚያች ሌሊት እራቱን በላ።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ወደ ሱሉልታ ተነሣን። መንገዱ የእንጦጦን ተራራ ተሻግሮ ያልፋል፤ የተራራው ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ይበልጣል። በዳገቱ ላይ ሁለተኛውን ማርሽ ስስብ እጀታው እንደ ቢላ በቅቤ ገባ፤ ኮምቢዋም እያጕረመረመች ቀስ ብላ ወጣች። ቍልቍለቱንም ፍሬኑ እንዳይግል በማርሽ ይዘናት ወረድን። እናቴን ከኋላ በመኝታው ላይ አስቀምጠን በቀጠሮው ሰዓት አደረስናት። በመንገድም፥ «ዛሬ ጎጆዬ አትጮኽም፤ ማን አበጃት?» ብላ ጠየቀች። «የልጅ ልጅሽ» አልኋት።

በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ለአፄ ምኒልክ ኦቶሞቢል ይዞ በመጣ ጊዜ በአገራችን የመኪና መንገድ አልነበረም። ዛሬ መንገድም መኪናም በዝቶአል፤ ሥራው ግን ያው ነው፤ ማየት፥ መፈተን፥ ከዚያ በኋላ መፍረድ።

እንግዲህ፥ ልጆች ሆይ፥ አንድ ነገር ሲበላሽባችሁ በኃይል አትግፉት፤ ከትንሹና ከቅርቡ ጀምራችሁ መርምሩ። ከሰው ጋርም ስትጣሉ እንዲሁ አድርጉ። ቃሉን ሳትሰሙ ሰባሪ አትበሉት፤ ምናልባት ስብራቱን አስቀድሞ ያየውና የነገራችሁ እርሱ ሊሆን ይችላልና። ተሳስታችሁም ብትገኙ ይቅርታ ለመጠየቅ አትዘግዩ። ያን የተፈረፈረ ቦኮላ በመኪናዪቱ ሣጥን ውስጥ አኑሬዋለሁ፤ ልቆጣ በቃጣኝ ጊዜ አውጥቼ አየዋለሁ።