ስንት ኪሎ ነው?

ዛሬ ፖለቲካ የለም። ማለቴ መጨረሻ አካባቢ ትንሽ ይገባበታል፤ ወሬው ግን ስለ መኪና ነው። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ጊፋታ እንደ ብዙው የወላይታ ልጅ እኔም አገር ቤት ገባሁ፤ ጉኑኖ። ታላቅ ወንድሜ ከደቡብ አፍሪካ መጥቶ ነበር፤ ከ14 ዓመት በኋላ። እዚያ ሱቅ ነበረው። ሁለት ጊዜ ተዘርፏል፣ አንዴ ተቃጥሎበታል። የተረፈውን ሸጦ ጠቅልሎ ገባ። ሶዶ ላይ ሱቅ ሊከፍት አስቧል። የአባታችን ቤት ደግሞ ግድግዳው ካለቀ ሁለት ዓመት ሆኖት ቆርቆሮ ይጠብቃል። ወንድሜ ግን በስልኩ የሚያሳየኝ ቆርቆሮ አልነበረም፤ መኪና ነበር። አዲስ አበባ ያለ ደላላ የላከለት፣ ቢዋይዲ ሲል የሚባል ዝቅ ያለ የስፖርት አውቶሞቢል። ኤሌክትሪክ ነው።

ወንድሜን አትፍረዱበት። ደቡብ አፍሪካ የኖረ ሰው «ጉሼሼ» ምን እንደሆነ ያውቃል። ቢኤምደብሊው 325 አይኤስ ነው። ዋናው የስፖርት ሞዴል ኤም 3 መሪው በግራ ብቻ ስለተሠራ እዚያ አገር አልተሸጠም። ስለዚህ ፕሪቶሪያ አጠገብ ያለው የሮስሊን ፋብሪካ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ ለአገሬው ሰው የራሱን ሠራ። ሞተሩን ወደ 2.7 ሊትር አሳደጉት፤ ማርሾቹ የተቀራረቡ ካምቢዮ ገጠሙለት፤ አንዳንዶቹ ላይ የአካሉን ከፊል ብረት በአሉሚኒየም ለወጡት። ማርሽ ሲቀራረብ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ስትቀይር የሞተሩ ዙር ብዙ አይወርድም፤ ጉልበቱ እጅህ ላይ ይቆያል። ወንድሜ ጎረቤቱ አንድ ነበረው፤ እሁድ እሁድ ሲያጥብ አብሮት ያጥብ ነበር። የራሱ ግን አልነበረውም። አሁን ወደዚህ ላምጣው ቢልም አይችልም፤ መሪው በቀኝ ነው፣ ነዳጅ ነው፣ አሮጌ ነው። ስለዚህ ያንን ሕልም ወደ ባትሪ አዞረው።

ደላላው የላከው ለውጭ ገበያ የወጣ ሠንጠረዥ ነው። ሦስት ደረጃ አለው። ዝቅተኛው ባትሪው 61.4 ኪሎዋት ሰዓት፣ ክብደቱ 1922 ኪሎ፤ ከቆመበት 100 ለመድረስ 7.5 ሰከንድ ይፈጅበታል፣ በአንድ ቻርጅ 460 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። መካከለኛው ባትሪው 82.5፣ ክብደቱ 2055፣ 5.9 ሰከንድ፣ 570 ኪሎ ሜትር። ከፍተኛው ባትሪው ያው 82.5 ሆኖ ከፊት ሁለተኛ ሞተር ይጨመርለታል፤ 2185 ኪሎ፣ 3.8 ሰከንድ፣ 520 ኪሎ ሜትር። ወንድሜ ጣቱን 3.8 ላይ አድርጎ አላነሳም። ደላላው አጠገቡ «ፉል ኦፕሽን» ብሎ ጽፎለታል።

አባታችን በሬ አድላቢ ናቸው። ሦስቱን ፎቶ ተራ በተራ አዩና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ «ስንት ኪሎ ነው?» የተናገሩት በወላይትኛ ነው፤ አማርኛው የኔ ነው። ወንድሜ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ ነሳኝ፤ ከሁላችንም ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቁት እሳቸው ነበሩ።

እስቲ አብረን እንየው። በመካከለኛውና በከፍተኛው መካከል ያለው ልዩነት 130 ኪሎ ነው፤ ሁለት ደህና ሰው ማለት ነው። እነዚያ ሁለት ሰዎች ቀንም ሌሊትም መኪናው ውስጥ ተቀምጠው ይውላሉ፤ ሂሳብ አይከፍሉም። ባትሪው ግን አልጨመረም፤ ስለዚህ የበለጠ ገንዘብ የከፈለው ሰው 50 ኪሎ ሜትር ያነሰ ይሄዳል። ከአዲስ አበባ ሶዶ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ቁልቁለቱና ዳገቱ፣ ሙሉ ሰውና ሙሉ ሻንጣ ሲጨመርበት የወረቀቱ ቁጥር ይቀንሳል። እና በምትኩ ምን ተገኘ? 2.1 ሰከንድ። በጊፋታ ሰሞን ከጉኑኖ ሶዶ በሬ፣ ባጃጅ፣ ሞተር ሳይክልና የሰርግ አጃቢ በሚጋፋበት መንገድ 2.1 ሰከንድ የት እንደሚራገፍ ወንድሜን ጠየቅሁት። መልስ አልሰጠኝም። ሌላም አለ፦ ከወለሉ እስከ መሬት ያለው ክፍተት 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አምስት ሰው ሲጫንበት ምን እንደሚቀር፣ ዝናብ የበላውን የሰፈራችንን መንገድ የሚያውቅ ይገምት።

ካምቢዮስ? ሦስቱም ላይ ያለው ያው ነው፤ አንድ ማርሽ። ወንድሜ ይህን ሲያነብ ፊቱ ትንሽ ጠቆረ። የኤሌክትሪክ ሞተር ከዜሮ ጀምሮ ሙሉ ጉልበቱን ስለሚሰጥና በጣም ከፍተኛ ዙር ድረስ ስለሚሽከረከር ማርሽ መቀያየር አያስፈልገውም። ፍሪሲዮን የለም፣ ሸራው ተቃጠለ የለም። ለዳገት ይህ እውነተኛ ጸጋ ነው።

እኔ የምነዳት ኮሮላ 1300 ሞተር፣ ባለ 5 ማርሽ ማኑዋል ናት፤ ክብደቷ ከአንድ ቶን ብዙም አይዘልም። የዚያኑ ዘመን ኮሮላ ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ ያለው ጓደኛ አለኝ። አውቶማቲኩ በኪሎም ከበድ ይላል፤ ዘይቱ፣ ከፍሪሲዮን ፋንታ የሚገባው ትልቅ እቃ፣ ተጨማሪው ጥርስ ሁሉ ክብደት አለው። በከተማ ጓደኛዬ ይስቅብኛል። ዳገት ላይ ግን በዚያ ትንሽ ሞተር ካምቢዮው ሦስተኛ ልያዝ ሁለተኛ ልያዝ እያለ ሲያመነታ እኔ አልፌው እሄዳለሁ። ከሶዶ ወደ ሁምቦ ሲወረድ ደግሞ ልዩነቱ ቀልድ አይደለም። እኔ በሦስተኛ፣ ሲብስ በሁለተኛ ሞተሩ እንዲይዘኝ አድርጌ እወርዳለሁ። እሱ «ዲ» ላይ ትቶት ፍሬን ብቻ ረግጦ ወረደና ታች ስንደርስ ከጎማው ጭስ ወጣ። «ኤል» እና «2» የሚሉት ፊደላት ለጌጥ የተጻፉ ይመስሉት ነበር። አውቶማቲክ የምትነዱ እባካችሁ ቁልቁለት ላይ ተጠቀሙባቸው።

ኤሌክትሪኩ በዚህ በኩል ጎበዝ ነው፤ ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፣ የያዘውንም ወደ ባትሪ ይመልሳል። አንድ ነገር ግን ደላላው አይነግራችሁም፦ ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚመልስበት ቦታ ስለሌለው መያዙ ይቀንሳል። ሶዶ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ አድርጎ ጠዋት በቀጥታ ወደ ሁምቦ የሚወርድ ሰው፣ ከነሰዎቹ 2.5 ቶን የሚያልፍ ብረት ይዞ፣ የመጀመሪያውን ቁልቁለት በፍሬኑ ላይ ተደግፎ ነው የሚጀምረው። 80 በመቶ ላይ ማቆም ይሻላል።

አሁን ወደ ፖለቲካው። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት መከልከሉ በጥር 2016 ሲነገር ምክንያቱ ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ነበር። አልቃወምም፤ መብራቱ ከራሳችን ወንዝ ነው። ግን አንድ ነገር አብሮ ጠፋ። እኛ አገር መኪና ለዘመናት የሚመዘነው በሲሲ ነበር። በቀድሞው የኤክሳይስ ሕግ እስከ 1300 ሲሲ 30 በመቶ፣ እስከ 1800 ደግሞ 60፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ ይከፈል ነበር። አገሩ በቪትዝ የተሞላው ሰው ሁሉ ትንሽ መኪና ስለሚያፈቅር አይደለም፤ ሕጉ ትንሹን ግዛ ስላለው ነው። በ2012 የወጣው አዋጅ ዕድሜውንም ጨመረበት። ኤሌክትሪክ መኪና ሲሲ የለውም። ጉምሩኩ የሚያየው ተገጣጥሞ ነው የገባው ወይስ ተበታትኖ የሚለውን ነው። ስለዚህ ዛሬ ለገዢው «ቀለል ያለውን ውሰድ» የሚል ምንም ነገር የለም፤ ሁሉም ወደ ትልቁ ባትሪና ወደ ሁለት ሞተር ይገፋዋል። ቪትዝን የሠሩልን ጃፓኖች ከሲሲው ሌላ በየ500 ኪሎው የሚቆጠር የክብደት ግብር አላቸው። እኛም ሲሲው ከጠፋብን ኪሎው አለ፤ ሚዛኑ ሩቅ አይደለም።

ይህን ሁሉ ለወንድሜ አላልኩትም፤ ግማሹን ብቻ። ሌላውን አባታችን ጨረሱት። በበዓሉ ማግስት በረት ወስደው ሁለት በሬ አሳዩት፤ አንደኛው የሚያርሰው፣ ሁለተኛው ለገበያ የሚደልበው። ከባዱ የትኛው እንደሆነ ጠየቁት። አወቀው። «እሱ አያርስም» ብለው ሣሩን መጣል ቀጠሉ።

እስካሁን አልገዛም። መካከለኛውን እንደሚወስድ ይናገራል፤ ቀለሙ ሰማያዊ ካልሆነ ግን አልፈልግም ይላል። ቆርቆሮው ቀድሞ ተገዝቷል፤ ይህን ስጽፍ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናቸው። ወደ አዲስ አበባ ከመመለሴ በፊት የኮሮላዬን ቁልፍ ጠየቀኝ፤ አረካ ደርሶ ሊመለስ። አጠገቡ ተቀመጥሁ። 14 ዓመት በግራ እጁ ማርሽ ሲቀይር የኖረ ሰው ነው፤ ሁለተኛ ለመክተት በፈለገ ቁጥር ግራ እጁ ሄዶ በሩን ይመታል። ከከተማው እስክንወጣ አራት ጊዜ መታው። አምስተኛው ላይ ቀኙ አገኘው፤ ከዚያ እስከ አረካ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ዳገት ሲመጣ ብቻ ሳያስፈልገው ማርሽ ይቀንሳል፣ ድምፁን ለመስማት።