ጉማሬ የምትባለው መርከባችን

የሽንዲ ልጅ ስለ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ልትጽፍላችሁ ነው። ሳቁ፣ ችግር የለም፤ እኔም እየሳቅሁ ነው የጀመርኩት። ሽንዲን ለማታውቋት፣ ከቡሬ ተነስታችሁ አቧራውን እየቃማችሁ የምትደርሱባት የወንበርማ ወረዳ ከተማ ናት። በቆሎ አለን፣ በርበሬ አለን፣ በስተደቡብ ደግሞ ዓባይ አለን። ባሕር የለንም። «የለንም» ስል ወረዳችንን ብቻ ሳይሆን አገሪቱንም ጭምር መሆኑ ይገባችኋል፤ እሱን ክርክር ግን ዛሬ ለሌላ ሰው ልተወው።

መርከቧ ጉማሬ ትባላለች። በኒውክሌር ኃይል የምትሠራ የምርምር ሰርጓጅ ነች። የተሠራችው በ2002 ዓ.ም. ገደማ፣ በባለ 50 ሉክ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ በእስክሪብቶ ነው። ንድፍ አውጪዋ የአራተኛ ክፍል ተማሪዋ እኔ፣ ዋና መሐንዲሱ ደግሞ አጎቴ።

ነገሩ የተጀመረው ከትምህርት ቤት ባመጣሁት ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። ማንበብ አልችልም ነበር፤ ሥዕሉን ግን አያለሁ። ትልቅ ክብ መስኮት፣ ከመስኮቱ ውጭ ዓሣ፣ ከውስጥ ጺማም ሰውዬ። የዡል ቬርን መጽሐፍ መሆኑን ያወቅሁት ሳድግ ነው። የካፒቴን ኔሞ መርከብ ናውቲለስ 70 ሜትር ትረዝማለች፣ በኤሌክትሪክ ትሄዳለች፣ 12 ሺህ መጻሕፍትና ትልቅ ኦርጋን ተሸክማለች። ቬርን ይህን በ1870 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም የትም የሌለ ነገር ነበር። አሜሪካኖች የመጀመሪያውን ኒውክሌር ሰርጓጅ በ1954 እ.ኤ.አ. ባሕር ላይ ሲያወርዱ ስሙን «ናውቲለስ» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

አጎቴ ሥዕሉን አየና «መጽሐፉ ይከብዳል» አለ። ሌላ አልተናገረም።

አጎቴን ላስተዋውቃችሁ። ሽንዲ ውስጥ የወፍጮ ቤት ሞተር የሚያሠራ ሰው ነው። ሞተሩ ሳይታመም በፊት ድምፁን ሰምቶ «ነገ ይታመማል» የሚል ዓይነት ሰው። ከዚያ በፊት ግን ባሕረኛ ነበር፤ ምጽዋ፣ ዳህላክ፣ አሰብ፣ የጦር ጀልባ ሞተር ክፍል ውስጥ። የአገራችን ባሕር ኃይል ምጽዋን በየካቲት 1982 ዓ.ም. አጣ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. የቀሩት መርከቦች ወደ የመን ሸሹ፤ በ1996 እ.ኤ.አ. ደግሞ ባሕር ኃይሉ ጨርሶ ፈረሰ። አጎቴ ከዚህ ሁሉ ወደ ቤቱ ይዞት የመጣው አንድ ባለ 24 ቁጥር መፍቻ ነው። ስለ ባሕር አይወራም። እናቴ እንኳ «እሱን ነገር አታንሺበት» ትለኝ ነበር።

ስለ ጉማሬ ግን ይወራል!

ስሙንም ያወጣው እሱ ነው። ከዳህላክ ደሴቶች አንዷ ኖክራ ትባላለች። ጣልያኖች በጊዜያቸው እስር ቤት አድርገዋት ነበር። በደርግ ዘመን ደግሞ ሶቪየቶች ለባሕር ኃይላቸው የጥገና ጣቢያ አደረጓት፤ በሕንድ ውቅያኖስ የሚዞሩት ኒውክሌር ሰርጓጆቻቸው እዚያ ጎራ እያሉ ይጠገኑ ነበር። (አዎ፣ በዚያን ጊዜ በነበረችው ኢትዮጵያ ውኃ ላይ። እኔም ሳነበው ደንግጫለሁ።) አጎቴ አንዷን ከሩቅ አይቷታል። «ምን ትመስላለች?» ስለው ትንሽ አሰበና «ዓባይ ላይ ጉማሬ ጀርባውን ብቻ ሲያወጣ አይተሽ የለ? እንደሱ» አለኝ።

ከዚያ ምርመራው ተጀመረ። የመጀመሪያው ሥዕሌ ሳሎን፣ መኝታ ቤትና ትልልቅ መስኮቶች ነበሩት።

«ሽንት ቤቱ የት አለ?»

የለም። ሣልኩ።

«ቆሻሻው በምን ይወጣል? ውጭ ያለው ውኃ ወደ ውስጥ እየገፋሽ ነው እኮ።»

በዚህ ጥያቄ ነው ግፊት የሚባለውን ነገር የተማርኩት። በየ10 ሜትሩ ጥልቀት አንድ የአየር ግፊት ያህል ይጨመራል። «ሁለት ሺህ ሜትር ብትወርጂ በአውራ ጣትሽ ጥፍር ላይ ሁለት ኩንታል እህል እንደተቀመጠ ቁጠሪው» አለኝ። ወፍጮ ቤት ውስጥ ሆነን ስለነበር ኩንታሎቹን አየኋቸው። መስኮቶቼን ሁሉ አሳነስኳቸው። የቆሻሻው ጋን ለብቻው ሆነ፤ ሲሞላ በታመቀ አየር ተገፍቶ ይወጣል።

ቀጥሎ ገላዋ ሁለት ድርብ ሆነ፤ ግፊቱን የሚችለው ወፍራም ከውስጥ፣ ቀጭኑ ከውጭ፣ በመካከላቸው የውኃ ጋኖች። ይህን ያስረዳኝ በጀሪካን ነው። ባዶ ጀሪካን ከገንዳ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ውኃ ስታስገቢበት ይወርዳል፤ ውኃውን በአየር ስታስወጪው ተመልሶ ብቅ ይላል። መርከቧም ከዚህ የተለየ ምስጢር የላትም።

ሪአክተሩን መሐል ላይ አደረግነው። ሠራተኛው ከፊት፣ ተርባይኑ ከኋላ፣ መሐል ላይ ወፍራም የእርሳስ ግድግዳና በላዩ የምታልፍ ጠባብ መተላለፊያ። «ሁለት ጀበና አስቢ» አለኝ። አንደኛው ጀበና ታሽጎ ውኃው እየጋለ ይዞራል፤ መርዙን የነካው እሱ ስለሆነ አይከፈትም። ሙቀቱን ለሁለተኛው ጀበና ይሰጠዋል፤ የሁለተኛው እንፋሎት ተርባይኑን ይዞረዋል። ሁለቱ ውኃዎች አይገናኙም። ይህን ከየት እንዳወቀው እንጃ፤ ግማሹን ከሶቪየት አሠልጣኞች ሰምቶ ግማሹን ገምቶት ይሆናል። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሳመሳክረው ግን ትክክል ሆኖ አገኘሁት።

ዋናው ነገር ይህ ሞተር አየር አይፈልግም። የናፍጣ ሰርጓጅ ባትሪዋን ለመሙላት ወደ ላይ መውጣት አለባት፤ ጉማሬ ግን አትወጣም። ውኃውን በኤሌክትሪክ ሰንጥቃ ኦክስጅን ታወጣለች፣ የባሕር ውኃ አጣርታ ትጠጣለች። የሚያልቅባት ምግብ ብቻ ነው። እዚህ ላይ አጎቴ በጣም ተጨነቀ። ሃያ ሰው፣ ሁለት ወር፣ ጤፉ የት ይቀመጥ? ምጣዱ ኤሌክትሪክ ይሁን፣ ኃይል ሞልቷል፤ ጭስ ግን በፍጹም አይቻልም። በመጨረሻ ድርቆሽ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ በዛ። ድርቆሽ ለሰርጓጅ የተፈጠረ ምግብ ነው። ቀላል ነው፣ አይበላሽም። ይህን እስከ ዛሬ የሚያስተባብለኝ አላገኘሁም።

«ለመሆኑ ምን ልትመራመር ነው የምትሄደው?» አለኝ አንድ ቀን።

መልሱ ነበረኝ። የአያቴ ማሳ ተዳፋት ላይ ነው፤ በየክረምቱ ቀዩ አፈር በጎርፍ ሲሄድ አያለሁ። የት ነው የሚሄደው ስል «ዓባይ፣ ከዚያ ባሕር» ይሉኛል። እና ጉማሬ አፈራችን የት እንደተኛ ልታይ ነው የምትሄደው። ከፊቷ መብራት፣ ከታች አፈር የምትዝቅ የብረት እጅ፣ ውስጥ የናሙና ሣጥን አለ። በልጅነቴ የተናገርኩት እውነት ሆኖ አረፈው። በሜዲትራኒያን ወለል ላይ፣ ከዓባይ አፍ ፊት ለፊት፣ ከሁለት ሺህ ሜትር በታች ድረስ የሚዘልቅ ግዙፍ የደለል ክምር አለ፤ ከብዙ ሺህ ዓመታት ወዲህ አብዛኛው ከእኛ ደጋ የወረደ ነው። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ በ1970 እ.ኤ.አ. ከተጠናቀቀ ወዲህ ደግሞ ደለሉ ከግድቡ ኋላ ይቀር ጀመር።

አጎቴ ዝም ብሎ ሰማኝና ወዲያው «ይቺ ምንድን ነች?» አለ። ከመርከቧ ሆድ ሥር ሁለት ጎማ ሥዬ ነበር። ወለሉ ላይ ስንደርስ በምን እንሂድ? ሳቀ። ሳል እስኪይዘው ሳቀ። «አስፋልት ያለ መሰለሽ?» አለና እስክሪብቶውን ነጥቆ ሁለቱንም በኤክስ ሰረዛቸው። አልቅሻለሁ፤ አልደብቃችሁም።

አሁን ወደ ማፍርበት ልምጣ። በ2013 ዓ.ም.፣ ባሕር ዳር የጋዜጠኝነት ተማሪ ሳለሁ፣ ለክፍል ሥራ አንድ ሰው ቃለ መጠይቅ አድርጉ ተባልን። እኔም ጎበዟ በክረምት ሽንዲ ሄጄ ስልኬን መቅረጫ አድርጌ ከአጎቴ ፊት ደቀንኩት። «ጋሼ፣ አገሩ ባሕሩን ሲያጣ ምን ተሰማህ?» አልኩት። እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም፤ አሁን ይገባኛል። «ደህና ነበር» አለኝ። አሥራ አንድ ደቂቃ ቀርጫለሁ፤ አራቱ የወፍጮ ድምፅ ነው፤ የቀረው «ደህና ነበር»፣ «ምን ይደረጋል»፣ «ቡና ጠጪ»። ሌላ ሰው አነጋግሬ አስረከብኩ።

በዓመቱ ግን ቤተ መጻሕፍት ኮምፒዩተር ላይ ሌላ ነገር ስፈልግ ኤንአር 1 ከምትባል መርከብ ጋር ተገጣጠምኩ። አሜሪካኖች በ1969 እ.ኤ.አ. ባሕር ላይ ያወረዷት ትንሽ፣ በኒውክሌር የምትሠራ የምርምር ሰርጓጅ ነች። 45 ሜትር ያህል ትረዝማለች፣ ከአሥራ ሁለት አሥራ ሦስት ሰው አትይዝም፣ 900 ሜትር ገደማ ትወርዳለች፣ ፍጥነቷ ቶሎ ቶሎ ከሚራመድ ሰው እምብዛም አይበልጥም። ሆዷ ላይ ትንንሽ መስኮቶች፣ ከፊት መብራትና የብረት እጅ አላት። በ1986 እ.ኤ.አ. ቻሌንጀር የተባለችው መንኩራኩር ስትፈነዳ ስብርባሪዋን ከባሕር ወለል ፈልጋለች። በ2008 እ.ኤ.አ. ጡረታ ወጣች።

እና ጎማ አላት።

ሁለት ጎማ፣ ከሆዷ ሥር። የጭነት መኪና ጎማ! ወለል ላይ ስትደርስ ታወርዳቸዋለች። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መሆኔን ረስቼ ጮኬያለሁ።

ፎቶዋን አሳትሜ በ2014 ዓ.ም. ክረምት ሽንዲ ወሰድኩለት። መቅረጫ አልያዝኩም። አጎቴ መነጽሩን አድርጎ ረጅም ጊዜ አየው። «ግፊቱ ጎማውን እንዴት አልጨፈለቀው?» አለ በመጨረሻ። አየር ሳይሆን አልኮል ስለተሞላ ነው አልኩት። «አረቄ? ሽንዲ ብትሆን ከጎማው ይጠጡት ነበር» አለ። ከዚያ ሞተር ክፍሏን፣ ማን እንደሚጠብቀው፣ ስንት ሰዓት ፈረቃ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ የማውቀውን ነገርኩት። ሰዎቹ ገላቸውን በሳምንት አንዴ ይታጠቡ እንደነበርም ነገርኩት።

«እኛም ውኃ ይቸግረን ነበር» አለ።

እኔ ዝም አልኩ። እሱም ፎቶውን እንደያዘ፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ ከአሰብ የወጡበትን ሌሊት ነገረኝ። ሁሉንም እዚህ አልጽፈውም፤ አንዱን ግን ፈቅዶልኛል። የመን ወደብ ሲደርሱ «ሞተር አጥፋ» ተባለ። ዘይቱን አየ፣ ሰዓቱንና የናፍጣውን መጠን መዝገብ ላይ ጻፈ፣ ለተረኛው ደህና አድርጎ አጠፋው። «ተረኛ እንደሌለ አውቃለሁ እኮ» አለኝ። «እጄ ነው የጻፈው።» መፍቻውን ኪሱ ውስጥ ያገኘው መሬት ከወረደ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ወደ ሽንዲ መሄድ እንደ ድሮው አይደለም፤ መንገዱንም ኔትወርኩንም የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጉማሬን አሁን የምንሠራት በስልክ ነው፣ ስልኩ ሲሠራ። ባሕር ኃይሉ እንደገና እንደሚቋቋም በ2010 ዓ.ም. ሲነገር ደውዬ ነበር፤ «ልጆቹ ይማሩ» ብሎ ወሬ ቀየረ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ከተመረቀ በኋላ ግን ራሱ ደወለ።

«አፈሩ ጉባ ቀረልሽ» አለኝ። «ሜዲትራኒያን ድረስ ምን አለፋሽ?»

እውነቱን ነው። የወንበርማ ውኃ የሚወርደው ከግድቡ በላይ ወዳለው ዓባይ ነው። ግድቡ 145 ሜትር ነው፤ ሐይቁ ቢጠልቅ ከዚያ አያልፍም። ወዲያው አሰላ። በጥፍር ላይ የነበረው ሁለት ኩንታል ወደ አሥራ አራት ኪሎ ወርዷል፤ መስኮቶቹን መልሼ ማተለቅ እችላለሁ።

«ጎማዎቹስ?» አልኩ፣ ልቤ እየመታ።

«ደለል እኮ ነው፤ ይሰምጣል። ሰርዢው።»

ሰረዝኩ። ቀጥሎ «ተርባይኑ ጋ ማን ነው የሚተኛው?» አለኝ። ማንም አልኩት።

«ማንም አይባልም። ሌሊት ድምፁን የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል። አልጋ አድርጊበት። ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጊው፤ ይንቀጠቀጣል፣ ራስ ያማል።»

«ርዝመቱ ስንት ይሁን?» ስል መስመሩ ተቋረጠ። እስካሁን መልሼ አላገኘሁትም። 1 ሜትር ከ85 አድርጌዋለሁ፤ አጎቴ ረጅም ነው።