ላንጋኖ ከነፓፌ

የላንጋኖ ውኃ ወተት እንደገባበት ሻይ ቡናማ ነው፤ ስዋኝ የገዛ እጄ እንኳ አይታየኝም። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተን የመጣነው ቢልሃርዚያ የሌለበት ሐይቅ ነው ስለሚባል ነው። አጭሩ ትራያትሎን 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ልሞክረው ቆርጫለሁ።

አስም አለብኝ። ለወራት ይጠፋና ድንገት ይመለሳል። ሐኪሜ እንዳዘዘችኝ ከመግባቴ 15 ደቂቃ በፊት ፓፌን ሳብኩ፤ ከዚያ ባለቤቴ ፓፉን ይዞ በጀልባ ተከተለኝ።

መሃል ላይ ትንፋሼ አጠረ። አስሙ ነው ወይስ ፍርሃት? እዚያ ውኃ ውስጥ ሁለቱን መለየት ከዋናው ይከብዳል። እጄን አነሳሁ፤ የጀልባዋን ጠርዝ ይዤ ቆየሁ። ደረቴ አላፏጨም፤ ትንፋሼም ተመለሰ። ፍርሃት ነበር። ቀጠልኩ።

ከዋናው መንገድ ወደ ሐይቁ በሚገባው ኮረኮንች ላይ ግን አንድ አይሱዙ አቧራውን አልብሶኝ አለፈ። አሁን ማፏጨቱ መጣ። ከብስክሌቱ ወርጄ ፓፌን ሳብኩ፤ ሩጫውም በዚያው ቀረ። (ልጄ «ትራያትሎን ሲቀነስ አንድ» ብሎታል።)

ማምሻውን የአርሲ ተራሮች ከሐይቁ ማዶ ሲጠቁሩ ከልጆቹ ጋር የአሸዋ ቤት ሠራን። ብስክሌቱን በሚቀጥለው አስፋልቱ ላይ እነዳለሁ።