ውሃና ወረቀት

አዲስ ቤት የገባን ሰው ልንጠይቅ ስንሄድ ደጃፉ ላይ ቆመን «ቤት ለእምቦሳ!» እንላለን። ባለቤቶቹም «እምቦሳ እሰሩ!» ብለው ይመልሳሉ። ግሩም ምርቃት ነው። ቤት ያለ ሕይወት ባዶ ግድግዳ መሆኑን የሚያውቅ ሕዝብ ነው ለአዲስ ቤት ጥጃ የሚመኘው። እኔ ግን ሃምሳን ከተሻገርኩ ወዲህ ምርቃቱን ሳልጨርስ ዓይኔ ወደ ኮርኒሱ መሄድ ጀምሯል። ጥግ ላይ ያለችውን ክብ ቡናማ ነገር አይና «ይቺ መቼ የመጣች ናት?» ብዬ እጠይቃለሁ። ባለቤቴ በክርኗ ትጎስመኛለች። ወደ ቤታችን ስንመለስም «ሰው ዳቦ ሲቆርስልህ አንተ ጣራ ታያለህ!» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ነውር ነው። ነገር ግን ዳቦው ያንኑ ዕለት ያልቃል፤ ያቺ ክብ ነገር ግን በየክረምቱ እየሰፋች ትኖራለች።

ለብዙ ዓመታት ሥነ ጽሑፍ አስተምሬያለሁ። በልብ ወለድ ውስጥ ቤት የሚፈርሰው በመብረቅ፣ በቃጠሎ ወይም በእርግማን ነው። መቀሌ ኖሬ የታዘብኩት ግን ሌላ ነው። ሰው ቤቱን የሚያጣው ብዙውን ጊዜ ድምፅ በሌላቸው ሁለት ነገሮች ነው፤ በውሃና በወረቀት። ውሃ ግድግዳውን ይወስዳል፤ ወረቀት ባለቤትነቱን ይወስዳል። ሁለቱም እያሳሳቁ ነው የሚወስዱት።

ትሪኒዳድ ተወልዶ ያደገው ቪ. ኤስ. ናይፖል እ.ኤ.አ. በ1961 ያሳተመው ስለ ሚስተር ቢስዋስ ቤት የሚተርክ ልብ ወለድ አለው። ባለታሪኩ ዕድሜውን በአማቾቹና በሰው ቤት ሲንከራተት ኖሮ በስተመጨረሻ የራሴ የሚለው ቤት ይገዛል። በጥድፊያ፣ በብድር፣ በደንብ ሳያይ! ጉድለቱ አንድ በአንድ ብቅ የሚለው ከገባበት በኋላ ነው። ሲሞትም ዕዳው አላለቀም ነበር። ተማሪዎቼን «ሰውየው ሞኝ ነው ወይስ ጀግና?» እያልኩ አከራክራቸው ነበር። ዛሬ ቢጠይቁኝ እንዲህ እላለሁ፦ ቤት የሌለው ሰው ቤት ሲያይ በልቡ እንጂ በዓይኑ አያይም። እንግዲህ የዛሬው ወጌ ዓይናችንን ወደ ቦታው ለመመለስ ነው።

ከውሃው እንጀምር። አባቶቻችን ይኼንን ያውቁ ነበር። የትግራይን ሕድሞ ያየ ሰው ይመሰክራል። ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ ጣራው በግንድና በእንጨት ርብራብ ላይ የተደለደለ አፈር ነው። አፈር እንዴት አድርጎ ዝናብ ይችላል? የሚችለው ክረምት ሳይገባ ባለቤቱ ጣራው ላይ ወጥቶ አፈር ስለሚጨምርበት፣ ስለሚረግጠውና ስለሚደለድለው ነው። ለሕድሞ ባለቤት ጣራው የቀን መቁጠሪያ ነበረው። ቆርቆሮ ሲመጣ ይህ ልማድ ቀረ። ቆርቆሮ ደግሞ ዋሾ ነው፤ «አንዴ ከሰቀላችሁኝ ወዲያ አታስቡኝ» ይላል። እሱ ይበል እንጂ ምስማሩ ይላላል፣ የምስማሩ ጎማ በፀሐይ ይሰነጠቃል፣ አሸንዳው በአቧራና በቅጠል ይደፈናል።

አሸንዳ ካልኩ አይቀር፣ መቀሌ ውስጥ ይህ ቃል ሁለት ጌታ አለው። አንዱ ልጃገረዶች ከነሐሴ 16 ጀምሮ ከተማውን በዘፈንና በከበሮ የሚያደምቁበት በዓል ነው። ሌላው ከጣራው ጠርዝ ላይ የተሰቀለው፣ ማንም የማይዘፍንለት ምስኪን ቆርቆሮ። በእኛ አገር የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው የሚወርደው። ስለዚህ የቆርቆሮው አሸንዳ የሚጸዳው የልጃገረዶቹ አሸንዳ ከመምጣቱ ከሁለት ወር በፊት፣ በሰኔ ነው። በነሐሴ መሰላል ይዞ የሚወጣ ሰው ቤቱን ሳይሆን ጸጸቱን ነው የሚጠግነው።

ቤት የምትገዙም ከሆነ ቢቻል በሐምሌ እዩት። በጥር ሁሉም ቤት ቆንጆ ነው። በሐምሌ ማየት ካልተቻለ አዲስ ቀለም የት እንደተቀባ ፈልጉ። ሙሉ ቤቱ ከተቀባ ደስ ይላል፤ አንድ ጥግ ብቻ ከተቀባ ግን ያ ጥግ የሚደብቀው ነገር አለው። አንድ ጊዜ በዕድሜ የገፉ ግንበኛ ይዤ ቤት ለማየት ሄድኩ። እኔ ሳሎኑን ሳደንቅ እሳቸው ከውጭ፣ ከግድግዳው ሥር ጎንበስ ብለው ይዞራሉ።

«አቦይ፣ ወደ ውስጥ አይገቡም?» አልኳቸው።

«መምህር፣ ውስጡን ሻጩ ያሳይዎታል። እኔ እሱ የማያሳይዎትን ልይልዎት» አሉኝ።

ሲያዩ የነበረው ውሃ ከጣራው ወርዶ የት እንደሚሄድ ነበር። ከግድግዳው የሚርቅ ከሆነ ሰላም ነው። መሠረቱ ሥር የሚተኛ ከሆነ ግን በኮርኒሱ ላይ ያለው ጌጥ ሁሉ ዋጋ የለውም። ይኼ በመቀሌ የበለጠ ያሳስባል። የከተማችን መሬት አንድ ዓይነት አይደለም። ጠንካራ የኖራ ድንጋይ ያለበት ሰፈር አለ፤ እንደ መጽሐፍ ገጽ የሚገላለጥ ስስ ድንጋይና ሸክላማ አፈር ያለበትም አለ። ሸክላማ አፈር ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፤ በላዩ ያለው ቤትም አብሮ ይተነፍሳል። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ የዚህ ደብዳቤ ነው። ስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉና ቀን ጻፉበት። ከክረምት በኋላ ምልክቱን አልፎ ከሄደ ቀለም ቀቢ ሳይሆን መሐንዲስ ጥሩ።

ሲበዛ የሚያፈርሰው ውሃ ሲጠፋም ያስለቅቃል። ይኼንን ለመቀሌ ሰው መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። በ1888 ዓ.ም. ጣሊያኖች እንዳ ኢየሱስ ላይ ጠንካራ ምሽግ ሠርተው ተቀምጠው ነበር። መድፍ አላቸው፣ ግንብ አላቸው። እቴጌ ጣይቱ ግን ዓይናቸውን የጣሉት ግንቡ ላይ ሳይሆን ምሽጉ የሚጠጣው ምንጭ ላይ ነበር። ምንጩ ሲያዝ ያ ሁሉ ድንጋይ ከሁለት ሳምንት ያህል በላይ አልቆየም፤ ማጆር ጋሊያኖ በጥር ወር ምሽጉን ለቅቆ ወጣ። እናም ቤት ስትገዙ «ስንት መኝታ ቤት አለው?» ከማለታችሁ በፊት «ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?» በሉ። ሮቶ ስታስቀምጡም አስቡበት። 2,000 ሊትር ውሃ ሁለት ሺህ ኪሎ ነው። ይኼንን ሸክም ለራሱ በተሠራ መሠረት ላይ እንጂ በቤቱ ግድግዳ ላይ አታስደግፉት። የሚያንጠባጥብ ቧንቧም «ትንሽ ነው» ተብሎ አይታለፍም፤ መሠረት የሚበላው ትንሹ ነው።

ወደ ወረቀቱ እንለፍ። የእኔ ትውልድ ቤት ማለት ወረቀት መሆኑን የተማረው በልጅነቱ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። ግድግዳው እንደቆመ ባለቤቱ ተቀየረ! በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ደግሞ መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ተደነገገ። ስለዚህ «ቤት ገዛሁ» የሚል ሰው የገዛው ከመሬቱ በላይ ያለውን ቤትና በቦታው የመጠቀም መብትን ነው። ቦታው በሊዝ የተያዘ ከሆነ ስንት ዓመት እንደቀረውና ስንት ያልተከፈለ ዕዳ እንዳለበት መጠየቅ ግድ ነው። ዕዳው ከቤቱ ጋር ይመጣልና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ «መምህር፣ ቤት አገኘሁ፤ እርስዎም ይዩልኝ» ብሎ መጣ። እሱና ሚስቱ ከደመወዛቸው ቆርጠው፣ ዕቁብ ጥለው፣ 12 ዓመት ያጠራቀሙት ገንዘብ ነበር። ቤቱ እውነትም ያምራል። ሻጩ በውክልና የሚሸጥ ሰው ሲሆን፣ «ሌላ ገዢ አለ፤ ቀብዱን ዛሬውኑ» እያለ ያጣድፋል። ደላላውም ያግዘዋል። እኛ ግን «መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ሄደን ፋይሉን እንይ» አልን። ሰውየው ተቆጣ።

«ሰው አታምኑም እንዴ?» አለ።

«አምነንህማ ነው የመጣነው፤ እምነታችን እንዳይጎዳ ነው ወረቀቱን የምናየው» አለው ተማሪዬ። (ያን ዕለት እንደገና ማርክ ብሰጠው ደስ ባለኝ!)

ፋይሉ ሲታይ ቤቱ በውርስ ክርክር ምክንያት የፍርድ ቤት እግድ ተቀምጦበት ተገኘ። ቀብዱ ተከፍሎ ቢሆን ኖሮ የ12 ዓመት ቁጠባ ፍርድ ቤት ደጅ ላይ ይቆም ነበር።

ስለዚህ ካርታውን በእጅ ማየት አይበቃም። ከማዘጋጃ ቤቱ ፋይል ጋር አስተያዩት። የባንክ ዕዳ፣ እግድ፣ የድንበር ክርክር ካለ እዚያ ጠይቁ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ባልም ሚስትም ይፈርሙ። በውክልና ከሆነ ውክልናው እንዳልተሻረ አረጋግጡ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። በሦስት ሽማግሌ ፊት በቡና ቤት የተፈረመ ወረቀት ጥሩ ትዝታ ሊሆን ይችላል፤ ቤት ግን ላይሆን ይችላል። ውሉ ላይ ዋጋውን አሳንሳችሁ አትጻፉ፤ ነገር የተበላሸ ቀን ለዳኛ የምታሳዩት የተጻፈውን ነውና። ስሙ ወደ እናንተ እስኪዞር ድረስም ነገሩ አልቋል አትበሉ።

ይኼን ሁሉ የምለው ወረቀት ስለምወድ አይደለም። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. የጀመረው ጦርነት ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ አፈናቅሎ የመቀሌን ትምህርት ቤቶች መጠለያ አደረጋቸው። በአንዱ ግቢ ከምዕራብ ትግራይ የመጡ አንዲት እናት አገኘሁ። አንገታቸው ላይ በክር የታሰረ ቁልፍ አለ። በነጠላቸው ጫፍ ደግሞ በፕላስቲክ የተጠቀለለ የቤታቸው ካርታ ቋጥረዋል። እግሬን ነስቼ ስመለከታቸው አዩኝና፣ «ቁልፉ ለእኔ ነው፣ ወደይ፤ ወረቀቱ ለሚጠይቀኝ» አሉኝ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላም ዓመታት አልፈው ወደ ቤታቸው ያልተመለሱ ብዙዎች ናቸው። ይዘው የወጡት ወረቀት ቤቱን አልመለሰላቸውም፤ ግን «ቤት ነበረኝ» የሚለው ቃላቸው ተረት እንዳይሆን ይዟል። የቤታችሁን ካርታ፣ የሽያጭ ውል፣ የግብር ደረሰኝ ኮፒ አድርጉ። አንዱን ሌላ ከተማ ያለ የምታምኑት ዘመድ ዘንድ፣ አንዱን በፎቶ በኢሜይላችሁ አስቀምጡ። ፋይዳው የሚታወቀው ሳጥኑን ለመክፈት ጊዜ ባጣችሁበት ቀን ነው።

ውሃንም ወረቀትንም የሚያይ አንድ ዓይን አለ፤ ጎረቤት። ሰው አጥሩን ከፍ አድርጎ ጠርሙስ ይሰካበታል፤ ሌባው ግን ከውጭ የሚያየው አጥር ሳይሆን የሚያየው ሰው መኖሩን ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የጎረቤትን በር አንኳኩ። ጎርፉ በየት እንደሚያልፍ፣ ውሃ በስንት ቀን እንደሚመጣ፣ በድንበሩ ማን ከማን እንደተካሰሰ ከደላላው ይልቅ እነሱ ይነግሯችኋል። ከገባችሁም በኋላ ዕድሩን አትርሱ። በጦርነቱ ወራት ስልክ ተቋርጦ፣ ባንክ ተዘግቶ፣ መብራት ጠፍቶ ሳለ የሸሹ ሰዎችን ደጃፍ ሲጠብቁ ያየኋቸው ጎረቤቶች ነበሩ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የተባለው ለዚህ ነው።

ቤት መግዛት የአንድ ቀን ፊርማ ነው፤ ባለቤት መሆን ግን በየዓመቱ የሚታደስ ነገር ነው፤ እንደ ሕድሞው ጣራ። በዓመት ሁለት ቀን ብቻ እለምናችኋለሁ። በሰኔ አንድ ቀን ለውሃው፤ መሰላሉን አቁማችሁ ምስማሩንና አሸንዳውን እዩ። በመስከረም አንድ ቀን ለወረቀቱ፤ የዓመቱን ግብር ክፈሉ፣ ደረሰኙን አያይዙ፣ ካርታው በቦታው መኖሩን ተመልከቱ፣ የት እንደሚቀመጥም ለልጆቻችሁ አሳዩ። የተቀረው 363 ቀን የእምቦሳው ነው። ቸር ሰንብቱ!